ኤስኪውኤል ሰርቨር 2016 ላይ ኤስፒ 3 ልጭን ነው፤ ከመንካቴ በፊት ምን ልወቅ?

ዳታቤዝ_የወደቀባት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ላስቸግራችሁ ነው። መሥሪያ ቤታችን ኤስኪውኤል ሰርቨር 2016 ስታንዳርድ (የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም) አለው። ደመወዙም፣ ንብረቱም፣ ሂሳቡም እሱ ላይ ነው የሚሠራው። የጫነው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። እኔ ሪፖርት ነበር የምሠራው፤ «አንቺ ትንሽ ትንሽ ታውቂ የለ» ተባልኩና ዳታቤዙ እላዬ ላይ ወደቀ። የመድረክ ስሜም ከዚያ የመጣ ነው።

ባለፈው ሳምንት ኦዲተሮች መጥተው ሰርቨሩ ኤስፒ 1 (ሰርቪስ ፓክ 1፣ ማለትም የመጀመሪያው የማሻሻያ ጥቅል) ላይ እንደቆመ ጻፉብን። ኤስፒ 3 ይጫን ተባለ። አለቃዬ ደግሞ «እየሠራ ያለን ነገር ምን አስነካሽ» ይለኛል። መሃል ላይ እኔ ነኝ ያለሁት።

ኤስፒ 2ን መጀመሪያ መጫን ግድ ነው? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ቢበላሽስ መመለስ ይቻላል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርቻለሁ።

ቀጥታ_ከቨርጂኒያ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡02

አይዞሽ፣ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ኤስፒ 2 አያስፈልግሽም። ሰርቪስ ፓክ ከሱ በፊት የወጣውን ሁሉ ጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ በቀጥታ ኤስፒ 3። ፋይሉም አንድ ነው። ስታንዳርድም ኢንተርፕራይዝም፣ ኤክስፕረስም ሳይቀር በዚያው ነው የሚታደሰው። የምታወርጂው ከማይክሮሶፍት ገጽ ብቻ ይሁን። በቴሌግራም «ፋይሉ እኔ ጋ አለ፣ ልላክልሽ?» የሚልሽ አይጠፋም። ኢንተርኔቱ አስቸግሮሽ ብትቀበዪው እንኳ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ብለሽ ዲጂታል ሲግኔቸሩ የማይክሮሶፍት መሆኑን ሳታዪ እንዳትከፍቺው።

ሰዓቱን በተመለከተ እኔ ጋ መጫኑ ራሱ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ግን አራት ሰዓት ፍቃድ ጠይቂ። ለምን እንደሆነ ሲደርስብሽ ታውቂዋለሽ።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ኤስፒ 1 ላይ መሆኑን በምን አወቃችሁ?

ዳታቤዝ_የወደቀባት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡10

ከርክክብ ዶክመንቱ ላይ። ኦዲተሮቹም ከዚያው የገለበጡት ይመስለኛል።

ቀጥታ_ከቨርጂኒያ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡21

ወረቀቱን ተዪው፣ ሰርቨሩን ራሱን ጠይቂው። ማኔጅመንት ስቱዲዮ ላይ ስትገናኚ ከሰርቨሩ ስም አጠገብ በቅንፍ የሚጻፍ ቁጥር አለ። በ13.0 ነው የሚጀምረው። ቀጥሎ 1601 ካለ ምንም ሰርቪስ ፓክ የለበትም፤ 4001 ከሆነ ኤስፒ 1፣ 5026 ኤስፒ 2፣ 6300 ኤስፒ 3 ነው። በነዚህ መሃል የሚውል ቁጥር ካየሽ ከሰርቪስ ፓኩ በኋላ ሌላ ማሻሻያ ተጭኗል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፣ እኔን ጨምሮ። ድሮ 2008 አር2 ላይ ስሠራ የቨርዥን ጥያቄው ረጅም መልስ ይሰጠኝና መጨረሻው ላይ «ሰርቪስ ፓክ 1» ይላል። እኔም ዓመት ሙሉ ኤስፒ 1 ላይ ነን እያልኩ ሪፖርት ሳቀርብ ከረምኩ። ለካ የዊንዶውሱ ነው! ኤስኪውኤሉ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ ማንም አልነካውም።

ዳታቤዝ_የወደቀባት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡34

13.0.1601.5 ይላል። በስመአብ።

ቀጥታ_ከቨርጂኒያ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡40

ይኸው። ኤስፒ 1ም የለም። ችግር የለውም፣ ከዚያም ላይ ቢሆን በቀጥታ ኤስፒ 3 ይገባል።

ለአለቃሽ የምትነግሪው ነገር ልስጥሽ። ዳታ ኮምፕሬሽን (ዳታውን ጨምቆ ቦታ መቆጠብ)፣ ፓርቲሽኒንግ (ትልቅ ሠንጠረዥን መከፋፈል)፣ ኮለምንስቶር ኢንዴክስ (ትልልቅ ሪፖርቶችን የሚያፈጥን)፣ እነዚህ 2016 ሲወጣ ኢንተርፕራይዝ ለገዛ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ኤስፒ 1 ሲወጣ ለስታንዳርድም ተለቀቁ። ኮለምንስቶሩ የሜሞሪ ገደብ አለበት፣ ግን ሁሉም አሉ። እናንተ ይህን ሁሉ ጊዜ ነጻ የመጣላችሁን ሳትወስዱ ነው የኖራችሁት። ከኦዲተሩ ጽሑፍ ይልቅ ይሄ ሳይገባው አይቀርም።

ጋሽ_ባካፕ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ልጄ፣ «የሚሠራ አይነካም» ለሚሉሽ አለቃሽ የስላመርን ታሪክ ንገሪያቸው። በ2003 ጃንዋሪ 25፣ ቅዳሜ ቀን ነው። ኤስኪውኤል ሰርቨር 2000ን የሚይዝ ትል ተለቀቀ። መጠኑ 376 ባይት ብቻ። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት እንደሚይዝ አስቢ፤ 125 ፊደል፣ ማለትም አንድ ሁለት መስመር ማለት ነው። በዩዲፒ 1434 እየገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ሊይዛቸው ከሚችላቸው ማሽኖች አብዛኞቹን ጨረሳቸው፤ ቁጥራቸው ወደ 75,000 ይጠጋል። አሜሪካ ውስጥ የባንክ ኦፍ አሜሪካ ኤቲኤሞች ብር መስጠት አቃታቸው። የማይክሮሶፍት የራሱ ማሽኖች እንኳ አላመለጡም።

መድኃኒቱ እኮ በ2002 ጁላይ ወጥቶ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ተቀምጦ ሰው ነው ያጣው። ሁሉም ሰርቨር «እየሠራ» ነበር ያን ቀን ጠዋት።

አሁን ወደ ሥራው። ባካፕሽ የት ነው የሚቀመጠው? ሰርቨሩ ለራሱ የሚጠቀምባቸውን ዳታቤዞች፣ ማስተርን፣ ኤምኤስዲቢንና ሞዴልን ጨምሮ ነው ወይስ የደመወዙን ዳታቤዝ ብቻ?

ዳታቤዝ_የወደቀባት
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡05

አመሰግናለሁ ጋሼ። በየሌሊቱ ይወሰዳል፣ ግን የደመወዙ፣ የንብረቱና የሂሳቡ ብቻ ነው። የሚቀመጠው እዚያው ሰርቨሩ ላይ ኤፍ ድራይቭ ውስጥ ነው። ድሮ ኢ ድራይቭ ነበር ዳታው፤ አምና ዲስኩ ሲያስቸግር ሃርድዌር የሚያዩት ልጆች ሁሉንም ወደ ኤፍ አዛውረው ኢን አነሱት።

ጋሽ_ባካፕ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

እዚያው ሰርቨር ላይ? ይሄ ትርፍ ቁልፉን እቤት ውስጥ አስቀምጦ በሩን መቆለፍ ነው። ሌላ ማሽን ላይ፣ ከተቻለም ሌላ ሕንጻ ላይ አድርጊው። ከዚያ አንዱን እዚያ ማሽን ላይ መልሰሽ ክፈቺውና የዚህ ወር ደመወዝ ውስጡ እንዳለ በዓይንሽ እዪ።

ኤምኤስዲቢን ንቀሽ አትለፊ። የጆቦችሽ፣ በሰዓታቸው ራሳቸው የሚሠሩት ሥራዎች ሁሉ፣ መኖሪያ እሱ ነው። በየሌሊቱ ባካፑን የሚወስደው ጆብ ራሱ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ጄኔሬተር
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

መብራት! ማንም መብራት አላነሳም እኮ። እኔ የደረሰብኝን ላውራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ሰርቨሩ ዩፒኤስ አለው ብለው አረጋገጡልኝ። እውነት ነው፣ አለው። እኔም ዴስኬ ላይ ተቀምጬ በሪሞት ገብቼ ሰርቪስ ፓኩን አስጀመርኩ። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ሰርቨሩ አልጠፋም። የኔትወርኩ ስዊች ግን ዩፒኤስ ላይ አልነበረም! ግንኙነቱ ተቋረጠ፣ ስክሪኔ ጥቁር ሆነ። እኔ ደግሞ መጫኑ የተቋረጠ መስሎኝ መብራቱ ሲመጣ ሌላ አካውንት አድርጌ ገባሁና እንደ አዲስ አስጀመርኩት። የመጀመሪያው ለካ ከጀርባ እየሠራ ነው። ሁለቱ ተያያዙ። ያን ሌሊት እንዴት እንዳነጋሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ በሪሞት ሲቋረጥብሽ በዚያው አካውንት ተመልሰሽ ግቢ፣ ስራው ካቆመበት ሳይሆን ከደረሰበት ታገኚዋለሽ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰርቨር ክፍል ገብተሽ ኪቦርዱ ፊት መቀመጥ ነው። ጃኬት ያዢ፣ ይበርዳል።

ሪያድ_ማታ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ሰላም ነው? ሰርቨሩ ቨርቹዋል ከሆነ ስናፕሾት፣ ማለትም ማሽኑ በዚያች ሰዓት ያለበትን ሁኔታ የሚይዝ ቅጂ፣ ውሰጂበት። ቢበላሽ በአንድ ክሊክ ተመለስሽ። እኛ እዚህ ሐሙስ ማታ ነው የምንጭነው፣ ዓርብና ቅዳሜ እረፍት ስለሆነ። ስናፕሾት ሳይወሰድ ማንም እጁን አያሳርፍም።

ጋሽ_ባካፕ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስናፕሾቱን አልጠላም። ግን ማሽኑ ጠፍቶ ከተወሰደ ነው ደስ የሚለኝ። ዳታቤዙ እየጻፈ እያለ ከተወሰደ ስትመለሺ ምን እንደምታገኚ እርግጠኛ አትሆኚም። ሌላው፣ ሥራው ካለቀ በኋላ ይረሳል። አንድ ቦታ ስናፕሾቱ ሦስት ወር ተረስቶ ሲያብጥ ሲያብጥ ስቶሬጁን ሞላውና እዚያ ላይ ያሉት ማሽኖች በሙሉ ቆሙ። ለጥንቃቄ የተወሰደው ነገር ነው የጣላቸው።

ሪያድ_ማታ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡12

እሱስ እውነት ነው ጋሼ። በማግስቱ ማጥፋት ነው።

ለማጅ21
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡40

ይቅርታ ጣልቃ ስገባ። እኛ ጋ ኦልዌይስ ኦን አለ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚተካው ሁለት ሰርቨር። ሁለቱንም አንድ ላይ ልጫን ወይስ?

ሪያድ_ማታ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 5፡05

አንድ ላይማ እንዳታደርገው፣ ሁለት መግዛታችሁ ታዲያ ለምን ነበር? መጀመሪያ አውቶማቲክ ፌይልኦቨሩን (ሥራው በራሱ ወደ ሌላው ሰርቨር መዞሩን) ወደ ማንዋል ቀይር። ከዚያ ሁለተኛውን ጫን፣ መመሳሰሉ እስኪያልቅ ጠብቅ። ከዚያ ሥራውን ወደሱ አዙርና የድሮውን ዋና ጫን። ሲያልቅ አውቶማቲኩን መልስ፤ ይሄን የሚረሳ ብዙ ነው። የኢንተግሬሽን ሰርቪስ ካታሎጉ (ኤስኤስአይኤስዲቢ የሚባለው ዳታቤዝ) አቬይለቢሊቲ ግሩፑ፣ ማለትም ሁለቱ ሰርቨሮች አብረው የሚይዙት የዳታቤዝ ቡድን፣ ውስጥ ካለ ግን ከመጀመርህ በፊት አውጣው። እኛን አንድ ጊዜ ስክሪፕቱ እዚያ ላይ ነው የቆመብን።

ዳታቤዝ_የወደቀባት
ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡30

ፍቃድ ተገኘ! ቅዳሜ ማታ ከ4 ሰዓት እስከ 8። አለቃዬ ስለ ኮምፕሬሽኑ ስነግረው ፊቱ ተፈታ። አንድ ነገር ብቻ አለኝ፣ «ሰኔ ከገባ በኋላ እንዳላይሽ»። በጀት መዝጊያ ነውና እውነቱን ነው። ባካፑ ፒያሳ ያለው ቅርንጫፍ ሄዷል፣ መልሼም ከፍቼ አይቼዋለሁ። ጸልዩልኝ።

ዳታቤዝ_የወደቀባት
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 4፡25

ጀመርኩ። ገና ከመነሻው «ሪስታርት ኮምፒውተር» የሚለው ቼክ ወደቀ። ዊንዶውሱ የቆየ ሪስታርት ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። አጥፍቼ አስነሳሁት፣ አለፈ። አሁን እየጫነ ነው። ብርዱ ጉድ ነው፣ ጄኔሬተር እውነቱን ነበር።

ዳታቤዝ_የወደቀባት
እሁድ፣ ከሌሊቱ 6፡40

ሰዎች አላችሁ? ወደቀ። ሴትአፑ «የዳታቤዝ ኢንጂኑን ሪከቨሪ መጠበቅ አልተቻለም» የሚል ነገር ብሎ በቀይ ጨረሰ። ሰርቪሱ አይነሳም። ስታርት ስለው ትንሽ ያስብና ይቆማል። ኤረር ሎጉ መጨረሻ ላይ 3417 ይላል፤ ማስተር ዳታቤዝን ማንሳት አልተቻለም፣ ከባካፕ መልሱት ወይም ሪቢልድ አድርጉት (እንደ አዲስ ፍጠሩት) ነው የሚለው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ለማጅ21
እሁድ፣ ከሌሊቱ 6፡48

ሪቢልድ አድርጉት ካለ ያው ሪቢልድ ነዋ? ትዕዛዙን ልፈልግልሽ?

ቀጥታ_ከቨርጂኒያ
እሁድ፣ ከሌሊቱ 6፡51

ኧረ በፍጹም! ማንም ምንም አይንካ። እዚህ ገና ፀሐይ አልገባችም፣ እስክትጨርሺ አብሬሽ ነኝ።

ማስተርን ሪቢልድ ካደረግሽ ሎጊኖቹ ይጠፋሉ፣ ጆቦቹ ይጠፋሉ፣ ዳታቤዞቹን አንድ በአንድ እንደገና ማስገባት አለብሽ። ማስተርሽ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። 3417 የመጨረሻው ጩኸት ነው። ሕመሙ ከሱ በላይ ነው የተጻፈው። ሎጉን ከታች ወደ ላይ አንብቢው። 912 የሚል አለ?

ዳታቤዝ_የወደቀባት
እሁድ፣ ከሌሊቱ 6፡55

አለ! ከ3417 በላይ። ኤምኤስዲቢ110 አፕግሬድ የሚባል ስክሪፕት አልተሳካም ይላል።

ቀጥታ_ከቨርጂኒያ
እሁድ፣ ከሌሊቱ 6፡59

ጎበዝ። ምን እየሆነ እንደሆነ ልንገርሽ፣ ትረጋጊያለሽ። ሰርቪስ ፓክ ሁለት ሥራ ነው። የመጀመሪያው የፕሮግራሙን ፋይሎች መቀየር ነው፤ እሱ ያንቺ አልቋል። ሁለተኛው ኤስኪውኤሉ አዲስ ሆኖ ሲነሳ በማስተርና በኤምኤስዲቢ ላይ የሚያስኬዳቸው ስክሪፕቶች ናቸው። ከነሱ አንዱ ከወደቀ ሰርቨሩ በግማሽ ተለውጦ ከሚሠራ ይልቅ ጭራሽ አልነሳም ይላል። አሁን ያለሽው እዚያ ላይ ነው። የደመወዙን ዳታ ማንም አልነካውም።

አሁን ከ912 በላይ ያለውን መስመር ጻፊልኝ።

ዳታቤዝ_የወደቀባት
እሁድ፣ ከሌሊቱ 7፡04

1802፣ ክሬት ዳታቤዝ አልተሳካም። ከሱ በላይ ደግሞ 5133። ኢ ድራይቭ ላይ የሆነ ፎልደር ውስጥ «ቴምፕ ኤምኤስ ኤጀንት ሳይኒንግ ሰርተፊኬት» ምናምን የሚል ፋይል ሊፈጥር ፈልጎ መንገዱን አላገኘሁትም ይላል።

ቆይ።

ኢ ድራይቭ እኮ የለንም!

ቀጥታ_ከቨርጂኒያ
እሁድ፣ ከሌሊቱ 7፡07

አዎ። ረቡዕ ማታ ራስሽ ነግረሽን ነበር፣ ኢን አምና አነሱት ብለሽ። ሁላችንም ባካፑ ላይ አፍጥጠን አለፍነው። ዳታዎቹን ሲያዛውሩ «አዲስ ዳታቤዝ ሲፈጠር የት ይቀመጥ» የሚለውን ሴቲንግ አልቀየሩትም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዳታቤዝ የፈጠረ ሰው ስለሌለ ማንም አላወቀም። ስክሪፕቱ ግን ለጥቂት ሰከንድ የምትቆይ ጊዜያዊ ዳታቤዝ መፍጠር አለበት፣ እዚያ ላይ ተንገዳገደ።

እንዲህ አድርጊ። ኮንፊገሬሽን ማናጀር ክፈቺ። የኤስኪውኤል ሰርቨር ሰርቪሱን ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ስታርትአፕ ፓራሜተርስ። ሰረዝ፣ ካፒታል ቲ፣ 902፣ ሳይለያይ ጻፊና አድ በዪ። ያሉትን ሌሎቹን መስመሮች እንዳትነኪ። ይሄ ትሬስ ፍላግ ስክሪፕቶቹን ዝለልና ተነሳ ማለት ነው። ከዚያ ሰርቪሱን አስነሺው።

ዳታቤዝ_የወደቀባት
እሁድ፣ ከሌሊቱ 7፡13

ተነሳ!!! ገባሁ። ዳታቤዞቹ በሙሉ አሉ። አልቅሼ ነበር እኮ።

ቀጥታ_ከቨርጂኒያ
እሁድ፣ ከሌሊቱ 7፡15

ገና ነው፣ አፕሊኬሽኑን እንዳትከፍቺላቸው። አሁን የሰርቨሩን ስም በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዳታቤዝ ሴቲንግስ። ታች ላይ ዳታ፣ ሎግ፣ ባካፕ የሚሉ ሦስት መንገዶች አሉ። ሦስቱንም ኤፍ ላይ ወዳለ እውነተኛ ፎልደር ቀይሪ። ፎልደሩ መኖሩን በዓይንሽ እዪ። የሰርቪሱ አካውንት መጻፍ እንደሚችልም አረጋግጪ፤ አለበለዚያ ሌላ ኤረር ይዘሽ ትመጫለሽ።

ከዚያ ሰርቪሱን አቁሚ፣ 902ን አውጪ፣ እንደገና አስነሺ። 902ን አለማውጣት ማለት ሥራውን በግማሽ ትቶ መሄድ ነው።

ዳታቤዝ_የወደቀባት
እሁድ፣ ከሌሊቱ 7፡24

አወጣሁት፣ አስነሳሁት፣ ሰርቪሱ ራኒንግ ይላል። ግን በሪፖርት አካውንቴ ስገባ 18401 የሚል ኤረር ሰጠኝ፣ ሰርቨሩ «ስክሪፕት አፕግሬድ ሞድ» ላይ ነው ይላል። ደግሞ ምን ጣጣ ነው?

ቀጥታ_ከቨርጂኒያ
እሁድ፣ ከሌሊቱ 7፡25

ይሄኛው ጥሩ ዜና ነው። ስክሪፕቶቹ እየሄዱ ነው ማለት ነው፣ እስኪያልቁ ተራ ተጠቃሚ አያስገባም። ሪስታርት እንዳታደርጊ። ሻይ ካለሽ ጠጪ።

ጋሽ_ባካፕ
እሁድ፣ ከሌሊቱ 7፡28

እኔም አልተኛሁም፣ እያነበብኩ ነው። አይዞሽ ልጄ።

ዳታቤዝ_የወደቀባት
እሁድ፣ ከሌሊቱ 7፡33

13.0.6300.2

ጄኔሬተር
እሁድ፣ ከሌሊቱ 7፡35

እልልልልል

ቀጥታ_ከቨርጂኒያ
እሁድ፣ ከሌሊቱ 7፡41

ደግ ነው። ሁለት ነገር ቀርቶሻል። ሴትአፑ በቀይ ስለጨረሰ 130 የሚለው ፎልደር ውስጥ፣ ሴትአፕ ቡትስትራፕ፣ ሎግ፣ ሰመሪ የሚለውን ፋይል ክፈቺና ከዳታቤዝ ኢንጂኑ ውጪ ሌላ የወደቀ ክፍል ካለ እዪ። ካለ ፋይሉን መልሰሽ ብታስኬጂው የጎደለውን ይሞላል። ሁለተኛ፣ ኤስፒ 3 በ2021 የወጣ ነው። ከሱ ወዲህ የወጡ የደህንነት ማሻሻያዎች አሉ። ዛሬ አትንኪያቸው፣ ተኚ። ግን መዝግቢያቸው።

ኦራክል_ብቻ
እሁድ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ጠዋት ተነስቼ እንደ ተከታታይ ድራማ ነው ያነበብኩት። እኛ ኦራክል ላይ ያለነውም ከዚህ አንተርፍም። ማሻሻያው በየሩብ ዓመቱ ነው፣ ጃንዋሪ፣ ኤፕሪል፣ ጁላይ፣ ኦክቶበር። ኦፓች በሚባለው መሣሪያ ፋይሉን ትቀይራለህ፣ ከዚያ ዳታቤዙን አስነስተህ ውስጡን የሚያድሰውን ዳታፓችን ማስኬድ አለብህ። አንድ የማውቀው ሰው ዳታፓቹን ረስቶት ስንት ወር «ፓች ተደርጓል» ሲል ከረመ፤ ፋይሉ አዲስ፣ ዲክሽነሪው (የዳታቤዙ የውስጥ መዝገብ) አሮጌ። ኤስኪውኤል ቢያንስ አልነሳም ብሎ ይጮህላችኋል። የኛው ዝም ነው የሚለው።

ለማጅ21
እሁድ፣ ከጠዋቱ 5፡00

እኔ ሪቢልድ በማለቴ በጣም ይቅርታ። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ እኛ 2019 ነን፣ የኛ ሰርቪስ ፓክ ስንተኛው ላይ ነው? ፈልጌ አጣሁ።

ሪያድ_ማታ
እሁድ፣ ከጠዋቱ 5፡15

አታገኘውም፣ የለማ። ከ2017 ጀምሮ ማይክሮሶፍት ሰርቪስ ፓክ የሚባለውን ትቶታል። ኩሙሌቲቭ አፕዴት ብቻ ነው፣ እሱም የቀደመውን ጠቅልሎ ይመጣል። ከሱ ጎን ጂዲአር የሚባል የደህንነት ብቻ መስመር አለ። አንዴ ኩሙሌቲቭ ከጫንክ ወደ ጂዲአሩ መስመር አትመለስም፣ አስበህ ጀምር።

2016ን ትታችሁ ወደላይ የምትሄዱ ደግሞ ስለ ቀን መቁጠሪያ ፈንክሽናችሁ አስቡ። እኛ ጳጉሜንን የሚያውቅ፣ የፈረንጁን ቀን ወደ ኢትዮጵያ የሚቀይር ፈንክሽን በሲኤልአር (ኤስኪውኤል ውስጥ የሚሠራ የዶትኔት ኮድ) የተጻፈ ነበረን። ከ2016 ወደ 2019 ስንሄድ አልሠራ አለ። ከ2017 ጀምሮ ሲኤልአር ስትሪክት ሴኪዩሪቲ የሚባል ሴቲንግ በነባሪ በርቶ ነው የሚመጣው፣ ያልተፈረመ አሴምብሊ (የዚያ ኮድ ፋይል) አያስጭንም። ፈርሙት። ሴቲንጉን አጥፍታችሁ እንዳትገላገሉ።

ጋሽ_ባካፕ
እሁድ፣ ከቀኑ 7፡10

ልጄ፣ ስትነሺ ሁለት ነገር። አዲስ ባካፕ ውሰጂ፣ የዛሬው ሰርቨር የትናንቱ አይደለም። ከዚያ ያን የርክክብ ዶክመንት አርሚው፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የኢ ድራይቩን ነገር ጻፊበት። ስናፕሾት ወስደሽም ከሆነ አጥፊው።

ዳታቤዝ_የወደቀባት
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡50

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሂሳብ ክፍሎች ገቡ፣ ማንም ምንም አላለም። አንዲት ልጅ ብቻ «ዛሬ ሪፖርቱ ፈጠነ ልበል?» አለችኝ። የፈጠነው ሪስታርት ስለተደረገ ይሁን ምን አላውቅም፣ አዎ ብያታለሁ። ሰመሪው ላይ ሪፖርቲንግ ሰርቪሱም ወድቆ ነበር፣ ትናንት ከሰዓት ፋይሉን መልሼ አስኬድኩት፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ዶክመንቱን አርሜዋለሁ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት።

ቀጥታ_ከቨርጂኒያ
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

ጎበዝ እህቴ። አሁን ሌላ ቀን መዝግቢ። የ2016 ድጋፍ የሚያበቃው በፈረንጆቹ ጁላይ 14፣ 2026 ነው፤ በኛ ሐምሌ 7፣ 2018። በጀቱ በተዘጋ በሳምንቱ መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ የደህንነት ማሻሻያ የሚገኘው በክፍያ ነው።

ዳታቤዝ_የወደቀባት
ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡44

አለቃዬ አሁን በኮሪደር ሲያልፍ «በቃ ተገላገልን አይደል?» አለኝ። አዎ ብዬ ሳቅሁ። ሐምሌ 7ን ደመወዝ ከወጣ በኋላ ነው የምነግረው።